የሰንበሌጥ ወንዝ መጤዎች

ሰንበሌጥ ወንዝ መታወቂያ ያወጣው እንዳላማው ጌጡ ከመወለዱ በፊት ነው። ስም፣ ሰንበሌጥ። ሥራ፣ መፍሰስ። የጋብቻ ሁኔታ በሚለው ቦታ ላይ ምን እንደተሞላ የሚያውቅ የለም እንጂ ወንዙ በሕግ ፊት ሙሉ ሰው ነው፤ ይከሳል፣ ይከሰሳል፣ ሲቀየምም በጠበቃው በኩል ይቀየማል። የዳሩ ነዋሪዎች ጉዳይ ግን ገና እየተጣራ ስለነበር የእነሱ መታወቂያ "ጊዜያዊ" ይላል። እንግዲህ ምን ይደረጋል፤ ወንዙ ቀድሟቸው ተወልዷል።

እንዳላማው የወንዙ ዳር አለቃ ነበር። በየማለዳው የጎማ ጫማውን ይጫማል፣ ካፖርቱን ይደርባል፣ ከዚያ ውሃው ዳር የተደረደሩትን ሳጥኖች አንድ በአንድ እየዞረ እጅ ይነሳል። እጅ መንሳቱ ደንቡ ላይ የለም፤ ከራሱ የጨመረው ነው። ሳጥኖቹ "መሸኛ" ይባላሉ። ወጥመድ ማለት ክልክል ነው። ወጥመድ ጭካኔ አለበት፣ መሸኛ ግን ጨዋነት አለበት። አውሬው ይገባል፤ ሳጥኑ ዓይኑን ገልጦ ያየዋል፤ ነባር ከሆነ ያሳልፈዋል፤ መጤ ከሆነ በሩን ቀስ ብሎ ይዘጋና ይሸኘዋል። ወዴት ብሎ የጠየቀ ሰው የለም። ለምን ይጠይቃል? የሚወጣው በከረጢት ታስሮ ነው።

"እንደምን አደሩ፣ አቶ እንዳላማው" ትለዋለች ጠባቂዋ። ጠባቂዋ ማለት ከሳጥኑም፣ ከአጥሩም፣ ከየቤቱ መቃንም ውስጥ የምትናገረው ድምፅ ናት፤ አካል የላትም፣ ትሕትናዋ ግን አይጣል ነው። "ዛሬ ሁለት መጤዎችን ሸኝተናል።"

"ተመስገን" ይላል እንዳላማው። "የቀሩትንም ይሸኝልን።"

መጤ የተባለው አውሬ ሚንክ የሚሉት፣ ድመት የሚያህል ዋናተኛ ሥጋ በል ነው። በእንዳላማው አባት ዘመን አንድ ኢንቨስተር ለፀጉሩ ሲል ከባሕር ማዶ አስመጥቶ ያረባው ነበር። ሪባን ተቆረጠ፤ ለወጣቱ የሥራ ዕድል ተባለ፤ ሰንጋ ተጣለ። ጥቂት ክረምት ካለፈ በኋላ ጎርፍ አጥሩን ወሰደው፤ ኢንቨስተሩ ወደ አገሩ ገባ፤ ሚንኩ ደግሞ ወደ ወንዙ ገባ። ሕዝቡ ስም ለማውጣት ብዙ አልተቸገረም፤ አውሬውን "ኢንቨስተሩ" አለው። ኢንቨስተሩ ዓሣውን ጨረሰ፣ የዳክዬውን እንቁላል ጠጣ፣ በመጨረሻም የውሃ አይጧን ነካ። ያን ጊዜ ዓለም ደነገጠ። የሰንበሌጥ የውሃ አይጥ በምድር ላይ ሌላ የትም የማትገኝ፣ እየዋኘች ትል የምትለቅም ፍጥረት ናት፤ ወይም ናት ተብሏል። እንዳላማው በዕድሜው ሙሉ አይቷት አያውቅም። ሥዕሏ ግን በየደጁ አለ፤ ጺሟ ተበጥሮ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

ስለ እሷ ሲባል ወንዝ ወርዶ ልብስ ማጠብ ቀረ። ስለ እሷ ሲባል ከብቱ ከቧንቧ መጠጣት ለመደ። ጥምቀት ሲደርስ ካህናቱ ከአጥሩ ወዲህ ቆመው ይጸልያሉ፤ ጠባቂዋ ከላይ ትንንሽ በራሪዎቿን ልካ ሕዝቡን ትረጫለች፤ ለሁሉም በልኩ፣ ለማንም ሳታዳላ። አሮጊቶቹ መጀመሪያ አጉረመረሙ፤ ኋላ ተዉት። ሰው ምን የማይለምደው ነገር አለ!

ኢንቨስተሩ እየሳሳ ሲሄድ፣ ጠባቂዋ ሥራ እንዳትፈታ ነው መሰል፣ ሕጉ እየሰፋ መጣ። ሕጉ የሚለው "መጤ፣ አጥቢ፣ ሥጋ በል" ነው፤ ሚንክ ብቻ አይልም። ግን መጤ ማለት ማን ነው? ጠባቂዋ ይህን በራሷ አልወሰነችም፤ እሷን የሠሯት የባሕር ማዶ ሰዎች "የአገሬው ጥንታዊ ዕውቀት ይከበር፣ የሽማግሌ ቃል አይሻር" ብለው በጥብቅ አዘዋታል። ስለዚህ ስብሰባ ጠራች።

"ክቡራን ነዋሪዎች፣ በእናንተ ባህል የዘር ነገር የሚለካው በምንድን ነው?" ስትል ጠየቀች።

ስብሰባ ላይ ዝም ብሎ መቀመጥ ለእንዳላማው ሞት ነው። ብድግ አለ። "በሰባት ቤት ነዋ! እኛ ሰባት ቤት እንቆጥራለን! ሰባት ቤት እዚሁ የተወለደ ነባር ነው፤ ከዚያ ያነሰ መጤ ነው!" ሰባት ቤት የሚቆጠረው ዘመዳሞች እንዳይጋቡ ብቻ መሆኑን እሱም ያውቃል፣ የተሰበሰበውም ያውቃል። ነገር ግን አነጋገሩ አማረ፤ ተጨበጨበ፤ ሕግ ሆነ።

መጀመሪያ የመጣው በድመት ነበር። እትዬ አንጓች፣ የሸክላ ሠሪዎቹ ልጅ፣ ዳማ የምትላት አንዲት ቡራቡሬ ድመት ነበረቻት፤ ባል ሞቶባት፣ ልጅ ርቋት፣ የምታወራው ከሷ ጋር ነው። "ኧረ በእናታችሁ፣ ድመት እኮ እዚህ አገር ከሰው እኩል የኖረች ናት" ብላ ለመነች።

"ድመቷ ሰባት ቤት የሚቆጥርላት ሽማግሌ ማቅረብ ትችላለች" አለች ጠባቂዋ።

ድመቷ ሽማግሌ አላቀረበችም። እንዳላማው በገዛ እጁ ከእትዬ አንጓች ጉያ አውጥቶ ወሰዳት። "ሕግ ነው፣ እትዬ" አላት። አላፈረም። እንዲያውም ለቤቱ ሰዎች ሲያወራው ራት ላይ ደረቱን ነፋ። ከድመት ቀጥሎ ውሻ ሆነ። የመንደሩ ሌሊት ዝም አለ፤ እንቅልፍ ማማሩን ብዙ ሰው መሰከረ።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ በአዲሱ ዓመት ዋዜማ ጠባቂዋ ከየመቃኑ እንዲህ አለች። "ሰው አጥቢ ነው። ሰው ሥጋ ይበላል። ስለዚህ የዳሩ ነዋሪዎች ነባርነት ይጣራል። ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን።"

ሳቁ። አንዱ የወፍጮ ጠጋኝ፣ አባቱ ለሥራ ከሌላ አውራጃ የመጣ፣ እስከ መከራከር ደረሰ። "ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ፤ ሁዳዴ እጾማለሁ፤ ነቢያትን፣ ፍልሰታን እጾማለሁ። ደምሪው! ዓመቱን በሙሉ ሥጋ በል አይደለሁም!" ጠባቂዋ በትሕትና ደመረች። "ልክ ነዎት። ከጾሙ በኋላ እንመለስበታለን" አለችው። ፋሲካ ዋለ። በማግስቱ አውቶቡስ መጣ።

ለሰው ሳጥን የለም፤ ጌታ ይመስገን። ለሰው አውቶቡስ ነው፤ ሾፌር የሌለው ነጭ አውቶቡስ። ሰውየውን ከነፍራሹ ይጭንና ወደ መጣበት ይመልሰዋል፤ አባቱ ወይም አያቱ መጣሁ ወዳለበት ማለት ነው። እንዳላማው በር ከፍቶ ፍራሹን አሸክሞ አስጫነው። ያን ቀን ግን እንደ ድመቷ ጊዜ አላወራም። ምክንያቱም እሱም አንድ ነገር ነበረበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚህ አገር ሰው የሚኮራው ከሩቅ በመጣ አባት ነው። እዚሁ የበቀለማ ማንም ነው፤ ጎመንም እዚሁ ይበቅላል። ጀግና ግን ይመጣል፤ ወንዝ ተሻግሮ፣ ጫካ መንጥሮ አገር ያቀናል። የእንዳላማው ቤት ኩራት ስድስተኛው አባቱ ዘለቀ ጎሹ ነው፤ ከአምባ ዋርካ ጎሽ እያሳደደ መጥቶ ሰንበሌጥ ዳር የቀረ። ተዝካር በሆነ፣ ሠርግ በሆነ፣ እንዳላማው ሁለት ብርሌ ጠጅ ከቀመሰ የዘለቀ ጎሽ ሳትገደል አታመሽም ነበር። ጎረቤቱና የዕድሜ ልክ ተፎካካሪው ቢምረው አለኸኝ "ደሞ መጣች ጎሿ" እያለ ጥርሱን ይነክሳል። ሕጉ ከወጣ ወዲህ ጎሿም ዘለቀም ከእንዳላማው አፍ ጠፉ። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ!

እንዲህ እያለ ቢኖር ኖሮ ጠባቂዋ ባልደረሰችበት። ነገር ግን ትርንጎ ነበረች።

ትርንጎ አንዲት ልጁ ናት። እግዜር ብዙ አስለምኖ የሰጣቸው፣ ሳቋ ከደጅ የሚሰማ፣ አባቷን "አንተ ሽማግሌ" እያለች የምትቀልድበት ልጅ። የወደደችው ደግሞ ከሰው ሁሉ መርጣ የቢምረውን ልጅ አስማረን ነው፤ የከብት መጠጫ ቧንቧ የሚጠግነውን። "አስማረን ካልሆነ ማንንም አላገባም፤ እዚህ ቤት አርጅቼ ጥርሴ ሲረግፍ ታዩኛላችሁ" አለች፤ ደግሞም የምትለውን የምታደርግ ናት። ሁለቱ አባቶች ተናንቀው ሊሞቱ ምንም አልቀራቸውም፤ በመጨረሻ ሽማግሌ ገባና ተስማሙ። የቀረው ሰባት ቤት መቁጠር ብቻ ሆነ።

ደም አይታ ዘመድና ባዕድ የምትለይ መሣሪያ አለች፤ ጠብታ ይበቃታል። ሽማግሌዎቹ ግን አልተቀበሏትም። "ደም አፍ የለውም" አሉ መሪጌታ ልሳነወርቅ፣ የመንደሩ ዘር ቆጣሪ። ጠባቂዋም በደስታ ተስማማች፤ የአገሬው ዕውቀት ይከበር ተብላ የለ። ብቻ ቆጠራው እሷ ባለችበት ይሁን አለች፤ ያለሷ የተቆጠረ ጋብቻ አይጸናም።

የእንዳላማው ሚስት የሺመቤት ይህን የሰማች ዕለት ባሏን "ና ወፍጮ ቤት እንሂድ" አለችው። የሚፈጭ እህል አልነበራትም። ወፍጮው ሲጮህ ግን ጠባቂዋ አትሰማም፤ መንደሩ ምስጢር ሲኖረው ዱቄት ይበዛለታል።

"የነሱም ስድስተኛ ዘለቀ ይባላል። ታውቃለህ?" አለችው በጆሮው።

"አውቃለሁ። ያኛው ሌላ ዘለቀ ነው። የኛው ከአምባ ዋርካ..."

"ቀስ በል! እዚያ ተቀምጠህ ዝም ካልክ ዘለቀ አንድ ነው ይባላል። አንድ ከሆነ ልጆቹ ዘመድ ናቸው፤ ጋብቻው አፈር በላ። ሁለት ነው ካልክ ደግሞ ያንተኛው ከየት መጣ ትልሃለች።"

"አውቶቡሱ ይመጣላ።"

"ለኔና ላንተ። ለትርንጎ ግን አይመጣም። ያገባች ሴት በባሏ ቤት ነው የምትቆጠረው። ቢምረው ሰባቱም እዚሁ ናቸው፤ አንድ ሰው ከየትም አልመጣበትም። ልጅህ ቤቷ ትቀራለች።"

እንዳላማው ዱቄቱ ሲወርድ አየ። ሃምሳ ዓመት የኖረበትን ወንዝ፣ የአለቃነቱን ካፖርት፣ በየማለዳው እጅ የሚነሳቸውን ሳጥኖች አሰበ። አሳፋሪ ነው፤ ልጁን ያሰበው ከሳጥኖቹ በኋላ ነው። ራሱም ታወቀው፤ ፊቱ በዱቄት መሐል ቀላ።

"አልናገርም" አለ። "ሌላ ባል ታገኛለች።"

የሺመቤት ባዶውን ስልቻዋን አንስታ ቀድማው ወጣች።

የቆጠራው ቀን ፀሐይ ወጥቶ የዋለበት፣ ያማረ እሑድ ነበር። ከቅዳሴ መልስ በእንዳላማው ደጅ ዳስ ተጥሎ ሽማግሌዎቹ በየወንበሩ ተሰየሙ። ከምሰሶው ላይ ጠባቂዋ "እንደምን ዋላችሁ፣ ክቡራን" አለች። መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ጀመሩ፤ ከወዲህ "እንዳላማው፣ ጌጡ፣ ወንድይፍራው..." ከወዲያ "ቢምረው፣ አለኸኝ፣ ብሩ..." እያሉ በሁለት እጃቸው ጣት እያጠፉ ወጡ። ስድስተኛው ላይ ሁለቱም እጆቻቸው እኩል ቆሙ።

"ዘለቀ" አሉ በግራ። "ዘለቀ" አሉ በቀኝ። "እንግዲህ ይሄ ዘለቀ አንድ ነው ወይስ ሁለት? አንድ ከሆነ ልጆቹ እህትና ወንድም ናቸው፤ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል። የሚያውቅ ይናገር።"

የሚያውቁት ብዙ ነበሩ። ጎሿን ስንቴ ሰምተዋታል! ግን በሰው አፍ ሰው አይሸኝም ብለው ነው መሰል፣ ሁሉም ጫማውን አየ። እንዳላማውም ጫማውን አየ። ከዚያ ቀና ሲል ትርንጎን አያት። በዳሱ ጥግ ማንቆርቆሪያ ይዛ ቆማለች። አላለቀሰችም፤ አልለመነችውም። የቀኝ እጇ ብቻ ማንቆርቆሪያውን መያዝ አቅቶት ውሃው በጫማዋ ላይ እየፈሰሰ ነው፤ እሷ አላወቀችውም። እንዳላማው ያን ጊዜ ልቡ ተሰበረ። የራሱ ክፋት ታየው። ይቺን ልጅ ለሳጥን ሊለውጣት ነበር!

"ሁለት ነው" አለ ተነስቶ።

"አያ እንዳላማው፣ አስበህ ተናገር" አሉ መሪጌታ፤ ደግ ሰው ናቸው።

"አስቤያለሁ። ሁለት ነው! የኔ ዘለቀ፣ ዘለቀ ጎሹ ነው! የአምባ ዋርካው!" አፉ አንዴ ከተከፈተማ ያ ሁሉ ጊዜ ታፍኖ የኖረው ነገር ግልብጥ ብሎ ወጣ። "ጎሽ በጦር ነድሎ፣ ደሟን እየተከተለ፣ ሦስት ወንዝ የዋኘ! ሰንበሌጥ ዳር ሲጥላት አገር ምድሩ ጫካ ነበር፤ ሰው የሚባል አልነበረም! የመነጠረው ማነው? ያቀናው ማነው? ዘለቀ ነው!"

ፊቱ አበራ። ለልጁ ሲል ራሱን አሳልፎ የሰጠ ሰው እንዲህ ደስ ሲለው ማየት ትንሽ ያስቃል፤ ግን እውነቱ ይኸው ነው፣ ደስ አለው።

"ተመዝግቧል" አለች ጠባቂዋ። "በሁለቱ ቤቶች መካከል ዝምድና የለም። ጋብቻው ይጸናል። አቶ እንዳላማውና ወይዘሮ የሺመቤት ወደ አምባ ዋርካ ይሸኛሉ። እንኳን ደስ አላችሁ።"

አንዲት ሴት እልል አለች፤ ቀጥሎ የሰማችው ገብቷት አፏን ያዘች። ትርንጎ ማንቆርቆሪያውን ጥላ አባቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። እንዳላማው "አይዞሽ፣ አይዞሽ፤ አንቺ ቤትሽ ነሽ" አላት። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ጥሩ ታሪክ ነበር። ለቅሶም አለው፣ ሠርግም አለው።

ቢምረው ግን ተቀምጦ ሲያዳምጥ ቆይቷል። ሰው የሚባል አልነበረም! ታዲያ የሱ አባቶች ምን ነበሩ፣ ቀበሮ? ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይችን ጎሽ ሰምቷል፤ ዛሬ ደግሞ በገዛ ልጁ ቆጠራ፣ በአማቾች ፊት!

"እኔ ምለው" አለ ቢምረው፣ ጋቢውን እያጣፋ። "ጎሽ ምን አላት?"

"ቢምረው" አለ እንዳላማው። "ቢምረው ወንድሜ፣ ተቀመጥ።"

"አልቀመጥም! የኔም ዘለቀ አባት አለው።"

"አለው! አንተ ነባር ነህ! የተከበርክ ነባር! አባቶችህ የትም አልሄዱ፣ ከየትም አልመጡ፤ እዚሁ ከጭቃው ነው የበቀሉ!" እንዳላማው ይህን ያለው ሊያድነው ነው። በዳሱ የነበረ ሰው ሁሉ ግን ትንፋሹን ዋጠ፤ በዚህ አገር ከዚህ የከፋ ስድብ የለም።

"ከጭቃ?" አለ ቢምረው። "እኔ ከጭቃ?" ሚስቱ የጋቢውን ጫፍ ይዛ ጎተተች፤ ጋቢው በእጇ ቀረ። "የኔ ዘለቀ ከቀይ ባሕር ማዶ ነው የመጣ! በመርከብ!"

"መርከቡን በየት አሳለፈው?" አለ ከኋላ አንድ ክፉ ሰው።

"ተሸክሞት!"

"ለማረጋገጥ ያህል፣ አቶ ቢምረው፣ ከቀይ ባሕር ማዶ ነው ያሉት?" አለች ጠባቂዋ።

"አይደለም በላት!" ጮኸ እንዳላማው። እግሩ ላይ ሊወድቅ ተንደረደረ። "ስለ ልጆቹ ብለህ! አንተ ቢምረው፣ ስለ ልጆቹ!"

"ከማዶውም ማዶ!" አለ ቢምረው።

ከዚያ በኋላ ማን ያቆመዋል! ጎሽ የገደለና መርከብ የተሸከመ አባት ባለበት ዳስ ውስጥ እዚሁ የተወለድኩ ነኝ ብሎ የሚቀመጥ ወንድ የት ይገኛል? አንዱ አባቱ ከነጋሪቱ እንደመጣ ተናገረ። ሌላው ንጉሥ አኩርፎ እንደወጣ። መሪጌታ ልሳነወርቅ እንኳ፣ "ምንም ቢሆን እውነት አይደበቅም" ብለው፣ የሳቸው ቤት ታቦት ተከትሎ ከመጣ ዘር መሆኑን ጠቀስ አደረጉ። ጠባቂዋ ሁሉንም አመሰገነች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ፀሐይ ሳያዘቀዝቅ መንደሩ በሙሉ መጤ ሆነ።

በማግስቱ ቢምረው ብቻውን ሳጥኑ ፊት ተንበርክኮ ተገኘ። "ውሸቴን ነው" ይላል። "ቀይ ባሕርን በዓይኔ አላየሁትም፤ አባቴም አላየው። እኛ ከጥንት እዚሁ ነን። ከጭቃው ነን።"

"የሽማግሌ ቃል አይሻርም፣ አቶ ቢምረው" አለችው። "እናከብርዎታለን።"

ሠርጉ በጥድፊያ ተደገሰ፤ የተረፈው በግ ሁሉ ታረደ፤ ሥጋ በልነት ከእንግዲህ ምን ይጎዳል! በሳምንቱ ጠዋት አውቶቡሶቹ ተሰልፈው መጡ፤ እያንዳንዱ ግንባሩ ላይ አባት የመጣበት አገር ተጽፎበታል። መንደሩ ፍራሹን፣ ድስቱን፣ ታቦት አከል ኩራቱን ይዞ ተጫነ። የቀረች እትዬ አንጓች ብቻ ናት። የሸክላ ሠሪ ልጅ ናትና ከሩቅ መጣሁ የሚያሰኝ አባት ማንም ፈቅዶላት አያውቅም፤ ስትጠየቅ "እኔ ከየትም አልመጣሁ፣ የትስ አውቃለሁ" አለች፤ ነባር ተባለች። የአውቶቡሶቹን በር የከፈተችው እሷ ነች።

"እትዬ፣ እንግዲህ ሳጥኖቹን አደራ" አላት እንዳላማው። ልማድ ክፉ ነው።

"የምን ሳጥን? ተነሱ እኮ፤ አልሰማህም?"

አልሰማም ነበር። ጠባቂዋ ባለፈው ሌሊት የኢንቨስተሩን ዘር ቆጥራ ጨርሳለች። ሚንክ በየዓመቱ ይወልዳል፤ እሷ ደግሞ እያንዳንዱን ግልገል ከተወለደበት ቀን ጀምሮ በካሜራ ይዛዋለች። ከሸንበቆው ውስጥ የተረፉት ጥቂቶቹ ሰባት ቤት ከሞላቸው ቆይተዋል፤ ያውም ያለ ፉከራ፣ በማስረጃ። ነባር ሆኑ። የውሃ አይጧ ግን ለብዙ ዘመን ስላልታየች ጉዳይዋ በይደር ተይዟል።

እንዳላማው ይህን ሰምቶ ሊስቅ ፈለገ፤ አልመጣለትም። ትርንጎን እየፈለገ ነበር። ቀይ ባሕር ማዶ የሚለው አውቶቡስ መስኮት ላይ አያት፤ የሙሽራ ሻሿን ገና አልፈታችም፤ አስማረ አጠገቧ አቀርቅሯል፤ ከኋላቸው ቢምረው ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቧል። አምባ ዋርካ የአንድ ቀን መንገድ ነው። ያኛው ደግሞ ባሕር ዳር መጠለያ ደርሶ መርከብ ይጠብቃል አሉ፤ መርከቡ ከመጣ።

እንዳላማው የሺመቤትን እጅ ይዞ ወደዚያኛው አውቶቡስ ሮጠ። በሩ አልከፈት አለው።

"አቶ እንዳላማው፣ የእርስዎ ሁለተኛው ነው" አለች ጠባቂዋ ከበሩ ውስጥ።

"ከልጄ ጋር ልሂድ! ባሕርም ቢሆን ልሂድ! ዘመዳሞች አይለያዩም ይላል ደንብሽ፤ እኔ ራሴ ለሰው ሳነብ የኖርኩት ነው!"

"ልክ ነዎት፤ ዘመዳሞች አብረው ይሸኛሉ። ወይዘሮ ትርንጎ የተቆጠሩት በባላቸው ቤት ነው። የእርስዎና የባላቸው ቤት ዝምድና እንደሌላቸው ደግሞ በሽማግሌዎች ፊት ያረጋገጡት እርስዎ ነዎት።"

ትርንጎ ከመስታወቱ ወዲያ አፏ "አባዬ" ሲል ይታያል፤ አይሰማም። አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። እንዳላማው ከጎኑ እየሮጠ ቀደመው፤ ስለ እግዚአብሔር ብሎ ሊለምን፣ ሰው ነውና ይራራል ብሎ፣ በሾፌሩ በኩል ያለውን መስኮት በሁለት እጁ መታ። ወንበሩ ባዶ ነበር።